ለሊኑክስ ማሽን በቂ ስሎት ያለው ማዘርቦርድ እንዴት ትመርጣላችሁ

ሰላም ጓዶች፣ ይሄን ጥያቄ በየጊዜው ነው የምጠየቀው፦ «ሊኑክስ ልጭንበት ነው፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ብዙ ሃርድ ዲስክ የሚያገናኝ ካርድና ፈጣን ኔትወርክ ካርድ ባንድ ላይ የሚሸከም ማዘርቦርድ የቱን ልግዛ?» የቦርድ ስም ብቻ ብነግራችሁ በሚቀጥለው ወር ያ ቦርድ ገበያ ላይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አመራረጡን ራሱን ደረጃ በደረጃ እጽፈዋለሁ፣ ከዛ የትኛውንም ቦርድ ራሳችሁ መመዘን ትችላላችሁ።

ብዙዎቻችን ቦርድ የምንገዛው ወይ ያገለገለ ከሱቅ ነው፣ ወይ ደሞ ከዱባይ ወይ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው፣ አልሆነልኝም ብሎ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የማጣራቱ ሥራ በሙሉ ገንዘቡ ከኪሳችሁ ከመውጣቱ በፊት ማለቅ አለበት።

አንድ ምሳሌ ይዤ ነው የምሄደው፦ ዴቢያን ሊኑክስ ወይም ፕሮክስሞክስ (ባንድ ማሽን ውስጥ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሲስተም) የሚጫንበት የቢሮ ሰርቨር፣ ሦስት ካርድ (ግራፊክስ፣ 8 ሃርድ ዲስክ የሚያገናኝ ካርድ፣ የ10 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ) እና ሁለት ኤንቪኤምኢ (ቀጥታ ቦርዱ ላይ የሚገባ ፈጣን) ኤስኤስዲ ያለው። የናንተ ካነሰ ደረጃዎቹ ያው ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ

- የቦርዱ ማኑዋል በፒዲኤፍ፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ የወረደ (ሻጩ የለጠፈው ማስታወቂያ አይበቃም)
- የምትሰኩት ካርድ በሙሉ ስምና ሞዴል የተጻፈበት ወረቀት
- የፕሮሰሰሩ ትክክለኛ ሞዴል፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ሳትቀር
- ሜትር፣ ኬዙን ለመለካት
- 8 ጊጋባይት ፍላሽ፣ ላይቭ ሊኑክስ (ሳይጫን ከፍላሹ የሚነሳ) የተጻፈበት
- ያገለገለ ቦርድ ከሆነ ደሞ የእጅ ባትሪና ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ፣ የፕሮሰሰሩን ሶኬት ፒን ለማየት

ደረጃ 1፦ ካርዶቻችሁን ጻፉና ሌናቸውን ቁጠሩ

ሌን ማለት በካርዱና በፕሮሰሰሩ መሃል ዳታ የሚያልፍበት መስመር ነው። ካርድ የሚሰካበት ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት ኤክስ1፣ ኤክስ4፣ ኤክስ8፣ ኤክስ16 ሲባል ቁጥሩ የሌን ብዛት ነው። የአንድ ሌን ፍጥነት በትውልዱ (ጄን በሚባለው) ይለያያል፣ ጄን 2 በሰከንድ 500 ሜጋባይት፣ ጄን 3 ወደ 1 ጊጋባይት፣ ጄን 4 ወደ 2፣ ጄን 5 ወደ 4 ጊጋባይት ይደርሳል።

አሁን ካርዶቹን እንያቸው። በየቦታው የሚሸጠው ኤልኤስአይ 9211-8አይ የዲስክ ካርድ ጄን 2 ኤክስ8 ነው። የኢንቴል ኤክስ520 የ10 ጊጋቢት ካርድም እንደዛው ጄን 2 ኤክስ8። ከግራፊክስ ካርዶች ራዲዮን አርኤክስ 6600 ረጅም ስሎት ውስጥ ቢገባም የሚጠቀመው 8 ሌን ብቻ ነው፣ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ደሞ 4 ብቻ።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? ካርዱ ከሚፈልገው ባነሰ ሌን ቢሠራ ይበቃል ወይ የሚለውን ማስላት ስለምትችሉ ነው። 8 ሃርድ ዲስክ እያንዳንዱ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ቢያነብ ድምሩ 1.6 ጊጋባይት ነው፣ የዲስክ ካርዱ በ4 ሌን ብቻ ቢሠራ ጄን 2 ላይ 2 ጊጋባይት ያገኛል፣ በቃ ይበቃዋል። 10 ጊጋቢት ኔትወርክ ደሞ 1.25 ጊጋባይት ነው፣ አንድ ፖርት ብቻ ከተጠቀማችሁ እሱም በ4 ሌን ይኖራል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ቦርዱ ጄን 4 ስለሆነ የድሮው ካርድ ይፈጥንልኛል ብሎ ማሰብ ነው። አይፈጥንም። ሁለቱ የሚስማሙት በዝቅተኛው ነው፣ ጄን 2 ካርድ ጄን 4 ኤክስ1 ስሎት ላይ ቢሰካ የሚያገኘው 500 ሜጋባይት ነው፣ ለ10 ጊጋቢት ካርድ ግማሹም አይሆንም። ስለዚህ የቆየ ካርድ ካላችሁ የሚያስፈልጋችሁ ብዙ ሌን ነው፣ አዲስ ትውልድ አይደለም።

ደረጃ 2፦ የቦርዱን መጠን ከኬዙ ጋር አስማሙ

ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊሜትር ነው፣ እስከ 7 ስሎት ቦታ አለው። ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ እስከ 4። ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170፣ አንድ ስሎት ብቻ። ሦስት ካርድ የምትፈልጉ ከሆነ ሚኒ አይቲኤክስን እርሱት፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ ላይም ወፍራም ግራፊክስ ካርድ ካለ ጭንቅ ነው።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ለመሥራት ያሰባችሁ ደሞ ትንሿን ኬዝ አትግዙ፣ ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ነው የምትቀበለው። ፓወር ሰፕላዩና የቦርዱ የመብራት ሶኬትም ብዙ ጊዜ የራሱ የአምራቹ ዓይነት ስለሆነ በኋላ መቀየር ይቸግራል።

ደረጃ 3፦ ፕሮሰሰሩ ስንት ሌን እንደሚሰጥ እወቁ

ቦርዱ ሌን አይፈጥርም፣ ከፕሮሰሰሩና ከቺፕሴቱ (ቦርዱ ላይ ካለው ረዳት ቺፕ) የመጣውን ነው የሚያከፋፍለው። ለዚህ ነው ከቦርዱ በፊት ፕሮሰሰሩን እዩ የምለው።

የኤኤም4 (የኤኤምዲ ሶኬት) ራይዘን ፕሮሰሰር 24 ሌን አለው፣ 16 ለስሎት፣ 4 ለኤንቪኤምኢ፣ 4 ወደ ቺፕሴት መገናኛ። ኤኤም5 ላይ 28 ናቸው። የኢንቴል ከ8ኛ እስከ 10ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር 16 ብቻ ይሰጣል፣ 12ኛ ትውልድ 16 እና ተጨማሪ 4።

ጂ የምትል ፊደል ያለባቸውን ራይዘኖች በደንብ አጣሩ። 5600ጂ ጄን 4 ቦርድ ላይ ቢገባም ጄን 3 ነው የሚሠራው። ኤኤም5 ላይ 8600ጂና 8700ጂ ለዋናው ስሎት የሚሰጡት 8 ሌን ነው፣ 8500ጂ ደሞ 4 ብቻ! ቦርዱ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ይሄን አያስተካክለውም።

ብዙ ሌን በርካሽ ከፈለጋችሁ ያገለገለ ዜዮን ኢ5 ቪ3 ወይ ቪ4 (የኢንቴል ሰርቨር ፕሮሰሰር) የሚወስድ ዎርክስቴሽን ፈልጉ፣ ባንድ ፕሮሰሰር 40 ጄን 3 ሌን ይሰጣል። መብራት ይበላል፣ እውነት ነው፣ ግን ለሦስት ካርድ ከዛ የሚቀል ነገር አላየሁም። በጀት ያለው ደሞ ኤፒክ (የኤኤምዲ ሰርቨር ፕሮሰሰር) ይውሰድ፣ 128 ሌን ነው፣ ለምሳሌ የሱፐርማይክሮ ኤች12ኤስኤስኤል-አይ ቦርድ አምስት ኤክስ16 እና ሁለት ኤክስ8 ስሎት አለው፣ እዛ ላይ ስለ ሌን ማሰብ ታቆማላችሁ።

ደረጃ 4፦ ማኑዋሉን ክፈቱ (ይሄን ደረጃ እንዳትዘሉት)

አንድ ጓደኛዬ ሦስት ረጅም ስሎት ያለው ቦርድ በሰው አስመጣ፣ ፎቶው ላይ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ደርሶ ሲሰካ ሁለተኛው 4 ሌን ነው፣ ሦስተኛው ደሞ 1 ሌን፣ የዲስክ ካርዱ እዛ ላይ ሆኖ የዲስኮች ጥገና ቀናት ፈጀበት። ማኑዋሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ያነበበው ሰው ግን አልነበረም።

ማኑዋሉ ውስጥ አራት ነገር ፈልጉ።

አንደኛ፣ የስሎቱ ቁመናና የውስጥ ሽቦው ይለያያሉ። «ኤክስ16 ስሎት፣ በኤክስ4 የሚሠራ» የሚል ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ። የምትቆጥሩት ሁለተኛውን ቁጥር ነው።

ሁለተኛ፣ ስሎቱ ከፕሮሰሰሩ ነው ወይስ ከቺፕሴቱ? ቺፕሴት ማለት ግቢ ውስጥ ላንድ ቆጣሪ የገባ የውሃ መስመር ለብዙ ቤት እንደሚከፋፈለው ነው፣ ሁሉም ባንዴ ሲከፍት ግፊቱ ይወርዳል። ለምሳሌ ቢ550 የሚባለው የኤኤምዲ ቺፕሴት ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኘው በ4 ጄን 3 ሌን፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 4 ጊጋባይት ነው፣ እዛ ላይ ሁለተኛው ኤስኤስዲ፣ የሳታ ዲስኮች፣ ዩኤስቢው፣ የቦርዱ ኔትወርክና ቺፕሴት ላይ ያሉ ስሎቶች በሙሉ ይጋፋሉ። ኤክስ570 ላይ መስመሩ ጄን 4 ስለሆነ እጥፍ ነው።

ሦስተኛ፣ የግርጌ ማስታወሻዎቹ። በጣም ትናንሽ ፊደል ናቸው፣ ወሳኞቹ ግን እነሱ ናቸው (ኤም.2 ኤንቪኤምኢ የሚገባበት ሶኬት ነው፣ ሳታ ደሞ የተራ ዲስክ ገመድ መሰኪያ)፦ «ሁለተኛው ኤም.2 ላይ ኤስኤስዲ ሲገባ ሳታ 5 እና 6 ይጠፋሉ»፣ ወይም «ኤም.2 ሲያዝ ሦስተኛው ስሎት አይሠራም»። የኛ ምሳሌ ሁለት ኤንቪኤምኢ ስላለው ሁለተኛው ኤም.2 ሲያዝ ምን እንደሚጠፋ ማወቅ ግዴታ ነው። አንዳንዴ የታችኛው ረጅም ስሎት 4 ሌን የሚያገኘው ኤክስ1 ስሎቶቹ ባዶ ከሆኑ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ 16ቱ ሌን ለሁለት ይከፈላል ወይ? ሁለት ስሎት 8 በ8 ከተካፈሉ ሁለት ካርድ ቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር ይገናኛል፣ ለኛ ሰርቨር ምርጡ እሱ ነው። ኤኤምዲ ላይ በብዙ ኤክስ570 ቦርዶችና በአንዳንድ ቢ550 ቦርዶች ይገኛል። ኢንቴል ላይ ዜድ የሚል ቺፕሴት ፈልጉ፣ ቢ760 ላይ አይሆንም። ለምሳሌ አሱስ ፕሮ ደብሊውኤስ ኤክስ570-ኤይስ ሦስት ስሎት 8 በ8 በ8 ይሰጣል፣ ሁለቱ ከፕሮሰሰር ሦስተኛው ከቺፕሴት። የኛን ሦስት ካርዶች ልክ ይቀበላቸዋል።

ብዙ ማኑዋሎች ላይ ብሎክ ዲያግራም የሚባል ሥዕል አለ፣ ሁሉም መስመር ከየት ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። እሱን አትሙና ካርዶቻችሁን በእርሳስ አስቀምጡበት፣ አንዱ ካርድ ቦታ ካጣ ቦርዱ አይሆንም፣ ወደ ሌላ ቦርድ እለፉ።

ደረጃ 5፦ የግራፊክስ ካርዱን ውፍረት ቁጠሩ

አብዛኛው ግራፊክስ ካርድ ሁለት ስሎት ይይዛል፣ ትልልቆቹ ሦስትና ከዛ በላይ። ከሥሩ ያለው ስሎት ወረቀት ላይ አለ፣ በተግባር ግን ተሸፍኗል። ቦርዱ ላይ ከላይ ወደ ታች ስሎቶቹን ቁጠሩ፣ ከግራፊክሱ በታች የቀሩትን ብቻ እንዳላችሁ አድርጉ። ማራገቢያው አየር የሚስብበት ቢያንስ አንድ ባዶ ቦታ ተዉለት፣ አለበለዚያ የሱ ሙቀት ከሥሩ ያለውን ካርድም ይጠብሰዋል።

ሰርቨሩ ስክሪን ብዙም የማያስፈልገው ከሆነ ውስጠ ግንብ ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር ውሰዱና ትልቁን ስሎት ለዲስክ ካርዱ ልቀቁለት (የጂዎቹን የሌን ጉዳይ ግን እንዳትረሱ)።

ደረጃ 6፦ ቦርዱ ላይ ያሉት ቺፖች በሊኑክስ የሚታወቁ መሆናቸውን አረጋግጡ

ስሎት ራሱ ሊኑክስ ላይ ችግር የለበትም፣ ችግር የሚያመጣው ቦርዱ ላይ የተበየደው ኔትወርክና ዋይፋይ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፣ ቺፑ ከከርነሉ (ከሊኑክሱ እምብርት) በኋላ ከወጣ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ዴቢያን 12 ከርነሉ 6.1 ነው፣ ኡቡንቱ 22.04 ሲወጣ 5.15፣ ኡቡንቱ 24.04 በ6.8። አዳዲስ ቦርዶች ላይ ያለው የሪልቴክ 5 ጊጋቢት ቺፕ አርቲኤል 8126 ዋናው ከርነል ውስጥ የገባው 6.9 ላይ ነው፣ ስለዚህ ዴቢያን 12 እንዳለ ብትጭኑበት ኔትወርክ አታገኙም፣ ኔትወርክ ከሌለ ደሞ ድራይቨሩን ማውረድ አይቻልም፣ በቃ ተዘጋ። የኢንቴል አይ210 ወይም አይ211 ያለበት ቦርድ ካገኛችሁ እረፍት ነው። በሊኑክስ ፋንታ ፍሪቢኤስዲ ወይም ኦፒኤንሴንስ (የፋየርዎል ሲስተም) የምትጭኑ ደሞ ኢንቴል ኔትወርክን የግድ አድርጉት ብዬ እመክራለሁ።

ካርዱን ለቨርቹዋል ማሽን ለብቻው መስጠት የምትፈልጉ፣ ለምሳሌ ፕሮክስሞክስ ውስጥ የዲስክ ካርዱን ለትሩናስ (የፋይል ማከማቻ ሲስተም)፣ አይኦኤምኤምዩ ግሩፕ የሚባለውን አጣሩ። ባንድ ግሩፕ ያሉ ነገሮች ተለያይተው ለማሽን አይሰጡም። ቺፕሴት ላይ ያሉ ስሎቶች ብዙ ጊዜ ከቦርዱ ሳታና ኔትወርክ ጋር ባንድ ግሩፕ ይታሰራሉ፣ ከፕሮሰሰር የሚመጣ ስሎት ግን ባብዛኛው ለብቻው ነው። ይሄ ማኑዋል ላይ አይጻፍም፣ ያንን ቦርድ የሚጠቀም ሰው ዝርዝሩን ለጥፎ እንደሆነ በቦርዱ ስም ፈልጉ።

ደረጃ 7፦ ባዮሱ ውስጥ መኖር ያለባቸው ነገሮች

ማኑዋሉ የባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የቦርዱ ቅንብር) ምዕራፍ አለው፣ እነዚህ ቃላት እዛ ውስጥ እንዳሉ እዩ፦ አይኦኤምኤምዩ (ኢንቴል ላይ ቪቲ-ዲ)፣ አበቭ 4ጂ ዲኮዲንግ፣ ፒሲአይኢ ባይፈርኬሽን። የመጀመሪያው ካርድ ለቨርቹዋል ማሽን ለመስጠት ነው። ሁለተኛው ብዙ ካርድ ሲሰካ የሜሞሪ አድራሻ እንዳያጥር ነው፣ ካልበራ አንዱ ካርድ ዝም ብሎ ይጠፋል። ሦስተኛው የሚያስፈልገው አራት ኤንቪኤምኢ ባንድ ስሎት የሚይዘውን ርካሽ ካርድ ከተጠቀማችሁ ነው፣ ስሎቱ 4 በ4 በ4 በ4 ካልተከፈለ የሚታየው የመጀመሪያው ኤስኤስዲ ብቻ ነው።

ኢንቴል ቦርድ ላይ ደሞ የዲስኩ ሞድ ሬይድ ወይም ቪኤምዲ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ መልሱት፣ የሊኑክስ መጫኛው «ዲስክ የለም» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ዊንዶውስ አብሮ ካለበት ግን ሳትዘጋጁ አትቀይሩ፣ ዊንዶውሱ አልነሳም ይላል።

ደረጃ 8፦ ከመክፈላችሁ በፊት ወይም እንደደረሰ ፈትኑት

ሱቅ ውስጥ ከሆናችሁ ፍላሹን ይዛችሁ ሂዱ። ላይቭ ሊኑክስ አስነሱና ተርሚናል ክፈቱ፣ ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላቸው ነው የጻፍኳቸው፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት አስገቧቸው።

ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ ብላችሁ ክፍተት ከዛ ሰረዝና ቲ-ቪ፦ የትኛው ካርድ ከየትኛው መስመር ሥር እንደተንጠለጠለ እንደ ዛፍ ያሳያችኋል።

ሱዶ ብላችሁ ያንኑ ትእዛዝ ከሰረዝና ቪ-ቪ ጋር፦ ረጅም ጽሑፍ ይወጣል፣ በየካርዱ ሥር ሊንክ ካፕ እና ሊንክ ስታ የሚሉ አህጽሮት መስመሮች አሉ። የመጀመሪያው ካርዱ የሚችለው ነው፣ ሁለተኛው አሁን ያገኘው። ስፋቱን አወዳድሩ፣ ካርዱ 8 ችሎ 4 ብቻ ካገኘ ወይ ስሎቱ 4 ነው ወይ ካርዱ በደንብ አልገባም። ግራፊክስ ካርድ ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቀንስ በፍጥነቱ አትደንግጡ፣ ስፋቱን ነው ማየት።

ያገለገለ ቦርድ ከሆነ እያንዳንዱን ስሎት ባንድ ካርድ እየቀያየራችሁ ሞክሩት። ጊዜ ይወስዳል፣ ሻጩም ሊሰለች ይችላል፣ ግን አንድ የሞተ ስሎት ማለት አንድ ካርድ ውጭ መቅረት ነው።

ደረጃ 9፦ ካርዶቹን አንድ በአንድ ስኩ

ሦስቱን ባንዴ ሰክታችሁ ማሽኑ እምቢ ካለ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አታውቁም። አንዱን ስኩ፣ አስነሱ፣ እዩ፣ አጥፉ፣ ቀጣዩን።

ከሩቅ ሆናችሁ የምትጠቀሙት ሰርቨር ከሆነ ይሄን ልብ በሉ፦ ሊኑክስ ለኔትወርክ ካርድ ስም የሚሰጠው በስሎቱ አድራሻ ነው፣ አዲስ ካርድ ስትሰኩ አድራሻው ሊሸጋሸግና 3 የነበረው 4 ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩ ይነሳል፣ ኔትወርኩ ግን የለም፣ ምክንያቱም ቅንብሩ የድሮውን ስም ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ካርድ ከመሰካታችሁ በፊት በሲስተምዲ ሊንክ ፋይል ስሙን ከካርዱ ማክ አድራሻ ጋር እሰሩት፣ ስክሪንና ኪቦርድም አጠገባችሁ ይኑር።

ማስጠንቀቂያ

- ካርድ ስትሰኩም ስትነቅሉም መብራቱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ከዛ የማብሪያውን ቁልፍ አንዴ ተጫኑ፣ የቀረው ኃይል ይውጣ። የኬዙን ብረት ነክታችሁ ጀምሩ።
- ኤክስ16 ስሎት ለግራፊክስ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው፣ ከዛ በላይ የሚፈልግ ካርድ የራሱን ገመድ ከፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል። በሳታ ገመድ ላይ አስማሚ ቀጥላችሁ ለግራፊክስ ካርድ አትስጡ፣ ገመዱ ይቀልጣል።
- የዲስክ ካርዶች የተሠሩት አየር በኃይል ለሚነፍስበት የሰርቨር ኬዝ ነው። ተራ ኬዝ ውስጥ ትንሽ ማራገቢያ ካላደረጋችሁለት በጣም ይግላል፣ ሲግል ደሞ ዲስኮቹ በሥራ መሃል ይጠፋሉ፣ ዳታም ሊበላሽ ይችላል።
- ለክሪፕቶ ማይኒንግ የሚሸጠውን በዩኤስቢ ገመድ የሚቀጠል ራይዘር ለዲስክ ካርድ አትጠቀሙ። 1 ሌን ብቻ ነው፣ ለዳታ የሚታመን ግንኙነትም አይደለም።

የተለመዱ ስህተቶች

- የሻጭ ማስታወቂያ ላይ «3 ኤክስ16 ስሎት» የሚለውን አምኖ መግዛት። ደረጃ 4ን እዩ።
- ኤክስ4 ካርድ ኤክስ16 ስሎት ውስጥ አይሠራም ብሎ መፍራት። ይሠራል፣ ትንሽ ካርድ ትልቅ ስሎት ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ትልቅ ካርድ አጭር ስሎት ውስጥ የሚገባው ግን የስሎቱ ጫፍ ክፍት ከሆነ ብቻ ነው፣ በቢላ መክፈት የሚሞክሩ አሉ፣ እባካችሁ ተዉት።
- ነጩን የድሮ ፒሲአይ ስሎት እንደ ፒሲአይ ኤክስፕረስ መቁጠር። ያገለገሉ ዎርክስቴሽኖች ላይ አሁንም አለ፣ አዲስ ካርድ አይገባበትም።
- ሴኪዩር ቡት እንደበራ የኤንቪዲያን ድራይቨር ጭኖ ካርዱ ተበላሽቷል ማለት። ድራይቨሩ ካልተፈረመ ከርነሉ አይጭነውም፣ ወይ ቁልፉን አስመዝግቡ ወይ ሴኪዩር ቡትን አጥፉና እንደገና ሞክሩ።
- ሁሉንም ስሎት ዛሬውኑ መሙላት። ለኛ ሰርቨር ሦስት ካርድ ካስፈለገ አራት የሚሠራ ስሎት ያለው ቦርድ ፈልጉ፣ በቦርዱ ላይ ያለው ኔትወርክ በመብረቅ ወይም በመብራት መወዛወዝ ከተቃጠለ ቦርዱን ሳትቀይሩ ኤክስ1 ኔትወርክ ካርድ ሰክታችሁ ሥራ ትቀጥላላችሁ።